ስድሳ ሦስት አረንጓዴ ሽፋን

መጋቢት 11 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ አንድ ያላለቀ መስመር ነበር። ከላዩ ስድስት የኮድ መስመሮች በወጉ ተጽፈው አልቀዋል። ሰባተኛው፣ የተመዘገበው ነገር ተመልሶ ሲነበብ ካልተገኘ ምን ይደረግ የሚለውን ሊናገር ጀምሮ፣ «ካልተገኘ» ላይ ቆሟል። ጠቋሚዋ መስመሩ ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። የጻፈው ሰው ግንባሩን ክንዱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ የጣለው መስሎ ተቀምጧል። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ «አንተ ሽቦ፣ ቤትህ አልጋ የለም እንዴ?» ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ሁለተኛ አልነኩትም።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ሽቦ የሚለው ስም የወጣለት ገና በልጅነቱ ነው። የተበጠሰ ነገር ካገኘ፣ የሬዲዮም ይሁን የጃንጥላ፣ በሽቦ ካልቀጠለው እህል አይወርድለትም ነበር። ሰውነቱም ቢሆን ስሙን አላሳፈረም፤ አድጎም አልወፈረም። ካርድ ክፍል በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ያ ስም ከየት እንደተከተለው ሳይታወቅ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከሠራተኞች መዝገብ ውጭ፣ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው አልነበረም።

ካርድ ክፍሉ ከግቢው በሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ረጅም ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ይነካሉ፤ ዘጠኝ ሺህ ካርድ ተሸክመዋል። ሁለት መስኮት አለው። በአንዱ ሕመምተኛ ቁጥሩን ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ከመጽሐፍ ብዙም የማይሰፋው፣ ወደ መርፌ ክፍል ይከፈታል። በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው ነገር ቀይ እስክሪብቶ ነበር። አንድ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ካለ፣ የመድኃኒቱ ስም ካርዱ ሽፋን ላይ በቀይ ይጻፋል። ሲስተሯ መርፌ ከመቅዳቷ በፊት ሽፋኑን ታያለች። ቀይ ካለ እጇን ትሰበስባለች።

ግን ሽፋኑ ያረጃል። ጥጉ ይበላል፣ ቀዩ ይደበዝዛል፣ «ሲሊን» የሚለው ይቀርና ከፊቱ ምን ተጽፎ እንደነበረ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አረንጓዴ አዳዲስ ሽፋኖች ሲመጡ እትዬ፣ «አንተ ሽቦ፣ ይሄን ቀይ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተህ ገላግለን» አሉት። ሽቦ ከመጽሐፍና ከጓደኛ እየቃረመ ኮድ መጻፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ደስ አለው። ደስ ሲለው ጆሮውን ያካል፤ ያን ቀን ሁለቱንም አከከ።

ፎርሙን ለመሥራት አምስት ቀን በቃው። ስክሪኑ ላይ ሳጥን መደርደር ነው፤ የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ምን እንዳደረገው፤ ከሥር ደግሞ «መዝግብ» እና «ፈልግ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች። ዳታቤዙንም በሦስት ቀን ጨረሰው። ዳታቤዝ መስመርና ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዥ ደግሞ ካርድ ክፍል ለኖረ ሰው ባዕድ አይደለም። ዕድሜውን የበላው መሀሉ ነው። አራት ወር ፈጀበት።

እትዬ በምሳ ሰዓት ከጀርባው መጥተው ያያሉ። «አልቋል አይደል? ቆንጆ ነው እኮ!»

«ፊት አለው፣ እትዬ። ሆድም አለው። ጉሮሮ ነው የቀረው።»

«ታዲያ ቶሎ ሥራለት እንጂ፣ በረሃብ ሊሞትብን ነው!»

ጉሮሮው ኮዱ ነበር። ዳታቤዙ የት እንደተቀመጠ የምትናገር አንዲት የማገናኛ መስመር ትጻፋለች። ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ሳጥኖቹ ውስጥ የተጻፈውን ተሸክሞ ሰንጠረዡ ውስጥ የሚያስገባ ትእዛዝ ይላካል፤ በሩ ይዘጋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የማገናኛዋ መስመር ግን አንዲት ምልክት ጎድላት ሽቦን አሥራ አንድ ቀን አስቀምጣዋለች። በሩ ተከፍቶ የመጀመሪያው ስም ሲገባ ደግሞ ፊደሎቹ ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተለውጠው ተገኙ። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና፣ «ማነህ እያለው ነው፤ አያውቀውም ማለት ነው» አሉ። ያንንም አስተካከለው። በሥራው መካከል አንድ ቦታ ላይ ኮዱ የሚጻፍበት ፕሮግራም ስለ ዳታቤዙ ፋይል ይጠይቃል፤ ሦስት ምርጫም ይሰጣል፤ አትቅዳ፣ አዲስ ሲሆን ቅዳ፣ ሁልጊዜ ቅዳ። ሽቦ ብዙ አላሰበበትም። ሁልጊዜ ቅዳ የሚለውን መረጠ።

የሚኖረው በአራት ዓመት ከምትበልጠው እህቱ ጋር ነው። እሷ በዩኒቨርሲቲ የመዛግብት አያያዝ ተምራ የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆናለች። ሁለቱም አላገቡም። ቤታቸው ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ጠባብ ሳሎን ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የእሷ ወረቀት ከፊሉን፣ የእሱ የተፈታታ ሬዲዮ ከፊሉን ይዟል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስትመክረው ከአፏ የማይጠፋ አንድ ነገር ነበራት፤ «ሁልጊዜ ቅጂ ይኑርህ። ቅጂ የሌለው ነገር እንደሌለ ቁጠረው።»

የካቲት 3 ቀን፣ ሰኞ፣ ፎርሙ ሥራ ጀመረ። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ካርድ ሲገኝ እትዬ ያነባሉ፣ ሽቦ ይጽፋል፣ «መዝግብ»ን ይጫናል፣ «ተመዝግቧል» የሚል መልእክት ይወጣል። ካርዱ አረንጓዴ ሽፋን ይለብሳል። የሰው ስም ያለበት ወረቀት ሁሉ ምስጢር እንዳይወጣ በዕለቱ ይቃጠል የሚል ደንብ ስላለ፣ አሮጌው ሽፋን ግቢው ጥግ ካለው የማቃጠያ ጉድጓድ ይገባል። ከእንግዲህ ሲስተሯ በትንሿ መስኮት ቁጥር ትጠራለች፤ ካርድ ክፍል ፈልጎ ይመልስላታል።

አዲስ ልብስ ሲለበስ እዚህ ይጥበብ እዚያ ይስፋ ማለት አይቀርም። እትዬ ፊደሉ ይተልቅ አሉ። ሲስተሯ ማስጠንቀቂያው በቀይ ይውጣልኝ አለች። ሌላ ማሽን ስላልነበረ ሽቦ ኮዱን የሚያስተካክለው እዚያው የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ያስተካክላል፣ አዲሱን ያስነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሥራው ይቀጥላል። የካቲት 19 ቀን የመጨረሻውን ማስተካከያ አደረገ። ማስጠንቀቂያ የሌለው ሰው ሲፈለግ ፎርሙ «አልተገኘም» ይል ነበር። እትዬ፣ «ሰውየው ራሱ የጠፋ ነው የሚመስለው፣ ያስደነግጣል» ስላሉ፣ «ማስጠንቀቂያ የለም» በሚል ለወጠው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ አራት ሰዓት ላይ ሲስተሯ በትንሿ መስኮት ጮኸች።

«ሽቦ! ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስምንት!»

ጻፈ፣ ፈለገ። «የለም!»

ሲስተሯ መርፌውን ቀድታ፣ የስድስት ዓመቷን ልጅ ክንድ በጥጥ ጠርጋ ስትጨርስ የልጅቷ እናት ተነሳች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ሲስተር! ካርዷ ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበረ እኮ!»

«የለም ተብሏል፣ እናት።»

«ማነው የለም ያለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩ ነው እንዴ ያን ሌሊት ትንፋሿ ቆሞ ታቅፏት የሮጠው?» ሴትዮዋ የሲስተሯን አንጓ ይዛ አለቀቀችም። «እጅሽን ዝቅ አድርጊ። ዝቅ!»

ሲስተሯ እጇን ዝቅ አደረገች። በመስኮቷ የሽቦ ፊት ይታያል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያችን ልጅ ያስታውሳታል። የመዘገባት እሱ ራሱ ነው፤ «ተመዝግቧል» ብሎታል።

እትዬ የዕቃ ደብተራቸውን ገለጡ። ከየካቲት 3 ጀምሮ የወጣው አረንጓዴ ሽፋን ሰባ ነው። ሽቦ ሰንጠረዡን ከፍቶ ቆጠረ። ሰባት።

«ሰባት ምን?» አሉ እትዬ።

«ሰባት ሰው።»

«ሌሎቹስ?»

«ውሃ በልቷቸዋል፣ እትዬ።»

መጀመሪያ ያደረገው ጥሩ ነገር ነው። ወደ መርፌ ክፍል ሄዶ፣ «ሲስተር፣ ከአሁን ጀምሮ እኔንም ኮምፒውተሩንም አትመኚ። አረንጓዴ ሽፋን ያየሽውን ሰው ሁሉ በአፍሽ ጠይቂ» አላት። ከዚያ ተመልሶ በሩን ዘጋ፣ የተረፉትን ሰባቱን ከስክሪኑ ወደየሽፋናቸው በቀይ ገለበጠና የራሱን ስም ፎርሙ ላይ ጻፈ። መዘገበ፣ ፈለገ፣ አገኘ። ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተ፤ አሁንም አለ። ከዚያ ኮዱን ገልጦ፣ ምንም ሳይለውጥ፣ ማስተካከያ ባደረገ ቁጥር እንደሚያደርገው እንደገና አስነሳው። ስሙን ፈለገ።

«ማስጠንቀቂያ የለም።»

ነገሩ የገባው ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ነበሩ። አንደኛው መጀመሪያ የሠራው ባዶ ዋና ፋይል ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ አጠገቡ አስቀምጦ የሚጽፍበት ቅጂ ነው። ሁልጊዜ ቅዳ ስላለው፣ ኮዱን ባስነሳ ቁጥር ባዶው በሞላው ላይ ይገለበጣል። ፎርሙ አልዋሸም፤ መዝግቧል። ሽቦ ነው በየምሳ ሰዓቱ ያጠፋው፤ በመጨረሻም የካቲት 19፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ጨምሮ ስድሳ ሦስቱን ሰው። ሰባቱ የተረፉት ከዚያ በኋላ ስለተመዘገቡ ነው። ወረቀቱ ደግሞ አመድ ሆኗል።

ማታ እራት ላይ ለእህቱ ነገራት። ነግሯት እስኪጨርስ ሹካዋን አላነሳችም።

«ከዋናው ጋር አመሳክረሃል፣ ከማቃጠልህ በፊት?»

«ተመዝግቧል ሲለኝ እኮ፣ እታለም…»

«ማን ነው ተመዝግቧል ያለህ?»

«ፎርሙ።»

«ፎርሙ ምን ያውቃል? መልሰህ አንብበኸዋል?»

ሽቦ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ደግሞ ሳያገኝ ሲቀር የለም ይላል! ባዶ መሳቢያና ያልተከፈተ መሳቢያ አንድ ነው አንተ ዘንድ? ሬዲዮህን ብትጠጋግን ይሻልህ ነበር። ሬዲዮ ቢበላሽ ሰው አይሞትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽቦ ተነሳ፣ ሳህኑን አጠበ፣ የእሷንም አጠበና ወደ ክፍሉ ገባ። ስምንት ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ እንግዳ ኖሩ። «በሩን ቆልፈሃል?» «ቆልፌያለሁ።» ከዚህ የረዘመ ነገር በመካከላቸው አልተነገረም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሽቦ መልቀም ጀመረ። የትኞቹ ሰዎች እንደጠፉ የሚናገረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አረንጓዴው ሽፋን። ካርዶቹ ግን የሚቆሙት ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርገው ነው፤ ጀርባቸው ላይ ያለችው የቁጥር ወረቀት ቀለሙን ትሸፍነዋለች። ስለዚህ ዘጠኝ ሺውን ካርድ አንድ በአንድ መሳብ ነበረበት። የተገኘው ካርድ ውስጥ ያለውን የሐኪም ጽሑፍ ያነባል። የመድኃኒቱ ስም እዚያ ከተጻፈ እፎይ ይላል፣ ሽፋኑ ላይ በቀይ ይገለብጣል፣ እትዬ ያመሳክሩታል። ካልተጻፈ፣ ወይም የሐኪሙ ፊደል የዶሮ ጭረት ከሆነ፣ ሰውየው ቤት ድረስ መሄድ ነው።

የካቲት 29 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ብቻውን መሰላል ላይ ሳለ በሩ ተከፈተ። እህቱ ናት። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ እጅጌዋን ሰብስባለች።

«የቱ ጋ ደርሰሃል?»

«አምስተኛው መደርደሪያ።»

«ከመጨረሻው እጀምራለሁ። መሀል ላይ እንገናኝ።»

እሷ ይቅርታ የምትለው በእጇ ነው፤ እሱም ያውቃል። እስከ ምሳ ድረስ የሚሰማው የካርድ መሳብና መመለስ ድምፅ ብቻ ነበር። ምሳ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ፣ «እስቲ የተበላሸውን ቦታ አሳየኝ» አለችው። ሦስቱን ምርጫ አሳያት።

«ለምን ይሄኛውን መረጥክ?»

ሽቦ ጆሮውን አከከ። ሳይናገር ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ እህቱ ግን ጠይቃ መልስ ሳታገኝ የምትተው ሰው አይደለችም።

«ሁልጊዜ ቅጂ ይኑርህ ትዪኝ የለ? እሱ መሰለኝ።»

እሷ ስትቀዳ ከሞላው ወደ ባዶው ነው። ማሽኑ ከባዶው ወደ ሞላው ነበር የቀዳው። ይህን ልታስረዳው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ተነስታ ወደ መደርደሪያዋ ሄደች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን መደርደሪያ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

ስድሳ ሁለት ባዶ አረንጓዴ ሽፋን ተገኘ። አርባው ውስጥ የመድኃኒቱ ስም ነበር። ለሃያ ሁለቱ ሽቦ ከሥራ በኋላ በእግሩ ዞረ። አንዲት እናት በር ከፍታ የተጣጠፈ ወረቀቱንና የታጠበ ሸሚዙን ስታይ፣ «ለልጄ ነው የመጣኸው? እሷ እኮ አግብታለች» አለችው። አንድ ጡረታ የወጣ ዘበኛ፣ «እኔ የማይስማማኝ መድኃኒት ሳይሆን ጎረቤቴ ነው፤ እሱን በቀይ ጻፍልኝ» ብሎ ግማሽ ሰዓት አስቆመው። ሽቦ ይስቃል፣ ይጽፋል፣ የጻፈውን መልሶ ያነብላቸዋል፣ ሳያስፈርም አይሄድም።

አሥራ ሰባተኛው ቤት በር ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣች።

«እናቴን ነው? አረፈች እኮ። ሁለት ሳምንቷ።»

ሽቦ ግድግዳውን ያዘ። «መርፌ… መርፌ ወስደው ነበር?»

«ምን መርፌ? ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተኝታ ነው ያረፈችው።»

ደፉ ላይ ቁጭ አለ። እንባው መጣ፤ ሊያቆመው አልቻለም። ሴትዮዋ ዘመድ መስሏት አብራው አለቀሰች፣ ውሃ አመጣችለት፣ «እንዲህ ትወድህ ነበር እንዴ?» አለችው። እውነቱን ሊነግራት አልደፈረም። ደብተሩ ላይ የጻፈው፣ «17ኛ፦ በዕድሜ። በእኛ አይደለም» የሚል ነው።

በዚያው ሰሞን ደረጃ ሲወጣ መቆም ጀመረ። መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርግና ግድግዳ የሚያነብ ይመስላል። እትዬ አይተው፣ «አንተ፣ ካርድ አውጥተህ ታይ» አሉት።

«ከራሴ መስኮት ለራሴ ካርድ ላውጣ? ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ! ሲስቁብህ የሞትክ እንደሆን እኔ ልጠየቅ!»

«ሰዎቹን ልጨርስና።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ካርድ ሲያወጣ፣ ከዘጠኝ ሺው አንዱም የእሱ አልነበረም።

መጋቢት 8 ቀን የቀረው አንድ ሰው ነበር። ስድሳ ሦስተኛው ሽፋን መደርደሪያ ላይ የለም። እህቱ፣ «ከመደርደሪያ የጠፋ ካርድ ወይ ሰው እጅ ነው ወይ ወጪ መዝገብ ላይ ነው፤ ወጪውን አንብብ፣ መስመር ሳትዘል» አለችው። መስመር ሳይዘል አነበበ። መጋቢት 10 ቀን፣ ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእትዬ እጅ ጽሑፍ አገኘው፤ «4417። ለቀዶ ጥገና ወደ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ከባለጉዳዩ ጋር። ቀጠሮ መጋቢት 11።» ከወጡት ካርዶች ያልተመለሰው ይህ ብቻ ነው፤ ስም ግን የለውም።

«ጣቴ ይቆረጥ!» አሉ እትዬ። «ሰው እያናገርኩ ነው የጻፍኩት። ስሙን ቆይቼ እሞላለሁ ብዬ…»

«ነገ ነው፣ እትዬ።»

ለሆስፒታሉ ስልክ ደወሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ። ሽቦ ቀይ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ወጣ።

ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አንድ ጎልማሳ ቀና ሳይል፣ «ስም?» አለው።

«ስም የለኝም። ቁጥር ነው ያለኝ።»

«የእኛ ቁጥር ነው?»

«የእኛ። የጤና ጣቢያው።»

«የናንተ ቁጥር እኛ ጋ ምን ይሠራል፣ ወንድሜ? እኔ የጎረቤቴን ስልክ ይዤ ያንተን ቤት ብፈልግ ታገኝልኛለህ?»

«ሽፋኑ አረንጓዴ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ቢጫ ነው፤ በዓይን ይለያል። ጀርባው ላይ የቁጥር ወረቀት ተለጥፎበታል።»

ጎልማሳው አሁን ቀና አለ። «ካርድ ክፍል ነህ እንዴ አንተም?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«እኔ አሥራ ሁለት። ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» የጎኑን በር ከፈተለት። «የነገ ቀዶ ጥገና ካርዶች አራተኛ ፎቅ ወጥተዋል። አሳንሰሩ ተበላሽቷል።»

ሽቦ በደረጃው ወጣ። ሦስት ቦታ ቆመ።

አረንጓዴው ሽፋን ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቢጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። 4417። ባዶ ነው፤ አንዲት ቀይ ነጥብ የለበትም። ባለቤቱ መስኮት አጠገብ ባለው አልጋ ላይ የተኙ አናጢ ናቸው፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት አጥሯል፣ ሌላኛው ክንዳቸው ላይ የግሉኮስ መርፌ ተሰክቷል።

«አባባ፣ ካርድዎ ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበረ?»

«ነበረ እንጂ። አረንጓዴው ሲመጣ ጠፋ። ሻርኩኝ መሰለኝ» አሉና ሳቁ።

«መድኃኒቱን ያውቁታል?»

«ስሙን ሚስቴ ነበረች የምታውቀው፣ ነፍሷን ይማረውና። እኔ የማውቀው ፊቴ እንደ ፊኛ ማበጡን ነው። ጥርሴን የነቀልኩ ዕለት ነው የወጉኝ።»

ካርዱን ከዳር እዳር አነበበ። የጥርሱ ነገር አልተጻፈም። ስሙን የሚያውቁት ሟቿና የተቃጠለው ሽፋን ብቻ ነበሩ።

ዶክተሯን ፈልጎ ነገራት። ወጣት ናት፤ ቆማ ሰማችው።

«ምን እንደነበረ አይታወቅም እያልከኝ ነው?»

«አይታወቅም። ግን ነበረ።»

«ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ትንሽ አየችው። «ብዙ ሰው እዚህ መጥቶ እንዲህ አይልም» አለችና ወደ አናጢው ሄዳ ስለ እብጠቱ፣ ስለ ትንፋሻቸው፣ ስለ ዓመተ ምሕረቱ ጠየቀች። ፔኒሲሊን ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ቢሆንም የነገውን በሌላ መድኃኒት አደርገዋለሁ አለች። ሽቦ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። የማያውቀውን ስም አልጻፈም። እንዲህ ብሎ ነው የጻፈው፦ «ማስጠንቀቂያ ነበረው። የመድኃኒቱ ስም በጤና ጣቢያችን ጠፍቷል። ፔኒሲሊን እንደሆነ ይገመታል፤ አልተረጋገጠም። ሳይጠየቅ ምንም እንዳይወጉ።» ለዶክተሯ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ ፈረመች። ደብተሩ ላይ ከ63 ትይዩ ምልክት አደረገ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር።

ሊሰናበት ሲል አናጢው እጅጌውን ያዙት።

«ልጄ፣ ላስቸግርህ ነው። ጠዋት ገላህን ታጥበህ ጠብቅ ብለውኛል። ሳሙና አልያዝኩም። ልጄ የምትመጣው ነገ ነው።»

«ምን ችግር አለው፣ አባባ።»

አራቱን ፎቅ ወረደ። ከሆስፒታሉ በር ማዶ ያለችው ሱቅ ሰው ሞልቶባት ስለነበር ተራ ጠበቀ። ባለሱቁ ባለ ሽታውን ወይስ ሽታ የሌለውን ብሎ ሲጠይቀው ባለ ሽታውን አለ። ከዚያ አራቱን ፎቅ ወጣ፤ ስንት ቦታ እንደቆመ አልታወቀም። አናጢው በአንድ እጃቸው መላጥ ስለማይችሉ ወረቀቱን እሱ ላጠላቸው፣ ሳሙናውን አልጋቸው ራስጌ ባለችው ሣጥን ላይ፣ እጃቸው በሚደርስበት በኩል አስቀመጠላቸው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።